ዮጋና ከፍተኛ ስጋት ያለበት እርግዝና፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ እናቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ በአዋላጅነት ስሠራ፣ የክትትል ካርዳቸው ላይ «ከፍተኛ ስጋት» ተብሎ የተጻፈባቸው እናቶች የሚጠይቁኝ ነገር ከዓመት ዓመት እየተለወጠ መጥቷል። ቀድሞ የሚበዛው «ምን ልብላ? እንጀራ ልጋግር ወይ? ውሃ ልቅዳ ወይ?» የሚለው ነበር፤ አሁን ግን ስልካቸውን አውጥተው ሆዷ የገፋ ሴት ምንጣፍ ላይ የምትሠራውን ዮጋ ያሳዩኝና «ይህ ለእኔ ይሆናል?» ይሉኛል። መልሱ በአንድ «አዎ» ወይም በአንድ «አይሆንም» የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬአቸዋለሁ። የተጻፈው ሁሉ ከሚከታተልዎ ሐኪም ወይም አዋላጅ ጋር ለመነጋገር እንዲረዳዎ ነው እንጂ የእነርሱን ትእዛዝ ለመሻር አይደለም።

ሐኪሙ «እርግዝናሽ ከፍተኛ ስጋት አለበት» አለኝ። ምን ማለት ነው?

ቃሉ ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን በእናቲቱ ወይም በጽንሱ ላይ ችግር የመድረስ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ስለሚል ክትትሉ መጥበቅ አለበት ማለት እንጂ፣ ችግሩ ደርሷል ወይም መድረሱ አይቀርም ማለት አይደለም። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከእርግዝና በፊት የነበረ ወይም በእርግዝና የመጣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም፣ ከባድ ደም ማነስ፣ የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑ በር ላይ መቀመጥ፣ መንታ ማርገዝ፣ ቀደም ሲል ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ወይም ተደጋጋሚ ውርጃ መኖር፣ የእናቲቱ ዕድሜ በጣም ማነስ ወይም ከ35 ዓመት ማለፍ ይገኙባቸዋል።

ሁለት ሴቶች ካርዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፎባቸው የሚያስፈልጋቸው ነገር ፍጹም ተቃራኒ ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። በእርግዝና ስኳር ለመጣባት እናት መንቀሳቀስ ራሱ ከሕክምናዋ አንዱ ክፍል ሲሆን፣ የእንግዴ ልጇ የማኅፀኑን በር ሸፍኖባት ደም ላየች እናት ግን ቀላል የሚመስል ቁጢጥ ማለት እንኳ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ስለ ዮጋ ከመጠየቅ በፊት የስጋትዎን ስም በትክክል ይወቁ። «የስጋቱ ስም ምንድን ነው? እባክዎ ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብትዎ ነው።

ዮጋ ስፖርት ነው? ወይስ ሌላ ነገር?

ዮጋ በጥንታዊት ሕንድ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዚህ ስም የሚሠራው ነገር ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች አሉት። አንደኛው አሳና የሚባለው የሰውነት አቋምና መለጠጥ ነው፤ ሁለተኛው ፕራናያማ የሚባለው የትንፋሽ ልምምድ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰውነትን አሳርፎ ሐሳብን መሰብሰብ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው፤ ምክንያቱም «ዮጋ ተከለከልሁ» የሚሉት አብዛኞቹ እናቶች የተከለከሉት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ረጋ ያለው ትንፋሽና ዕረፍቱ ግን አልጋ ላይ ላለች እናት እንኳ የሚሆናት ነው።

የሰውነት እንቅስቃሴው ፈጽሞ የማይፈቀደው ለማን ነው?

የሽርት ውሃ የፈሰሳት፣ ያለ ቀኑ ምጥ የጀመራት፣ ምክንያቱ ያልታወቀና ያላቋረጠ ደም ከማኅፀን የሚፈሳት፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር ሸፍኖ የተገኘባት፣ የማኅፀን በሯ ያለ ጊዜው የላላ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው የእርግዝና ደም ግፊት በሽታ የያዛት፣ ጽንሷ በሚገባው መጠን አላደገም የተባለች፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያረገዘች፣ እንዲሁም ግፊቷ፣ ስኳሯ ወይም የእንቅርት ሕመሟ በመድኃኒት ያልተገታ፣ ወይም ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባት እናት የዮጋ አቋሞችን መሥራት የለባትም። ከእነዚህ አንዱ ካለብዎ፣ ቪዲዮው «ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀ» ቢልም የተዘጋጀው ለእርስዎ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ክልከላው ያልተቆረጠ፣ ለሐኪም ፍርድ የተተወ ክፍል አለ፤ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ ቀደም ሲል ያለ ቀኑ መውለድ፣ በእርግዝና የመጣ የደም ግፊት፣ ድካም ያስከተለ ደም ማነስ፣ የምግብ እጥረት፣ ቀለል ያለ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ከ28ኛው ሳምንት ያለፈ መንታ። በዚህ ክፍል ያለች እናት ፈቃድ ልታገኝም ላታገኝም ትችላለች፤ ያገኘችውም ፈቃድ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሊነሣ ይችላል። ባለፈው ወር ተፈቅዶልኝ ነበርና ዛሬም ይሆናል ማለት አይገባም።

«ተኝተሽ ዋይ» ተብያለሁ። እንግዲህ ምንም አልንቀሳቀስ?

ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ነፍሰ ጡርን ማስተኛት የፍቅር መግለጫ ነውና። አማት ምራቷን፣ እናት ልጇን «አትነሺ፣ እኔ አለሁልሽ» ስትል ደግነቷ ከልብ ነው። ሆኖም ያለ ቀኑ መውለድን ወይም ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል ተብሎ ነፍሰ ጡርን በደፈናው አልጋ ላይ ማዋል በዛሬው ሕክምና የሚመከር አይደለም፤ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ ጉዳቱ ግን ይታወቃል። ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መዋል በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ጡንቻንና አጥንትን ያሳሳል፣ ልብንም ያስጨንቃል።

ይህን ስል ሐኪምዎ ያዘዘዎን ይተዉ ማለቴ አይደለም። ማለቴ «ተኝተሽ ዋይ» የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቁ ነው፦ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ይፈቀድልኛል? ቁጭ ብዬ መብላትስ? ደጅ ወጥቼ ፀሐይ መሞቅስ? ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ሐሳብ «ከባድ አታንሺ፣ ረጅም ሰዓት አትቁሚ» የሚል ሆኖ፣ ቤት ሲደርስ ግን «ከአልጋ አትውረድ» ወደሚል ይለወጣል። የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ፤ በእርግጥ ማረፍ የነበረባት ሴት ውሃ የሚቀዳላት ሰው አጥታ ጀሪካን ተሸክማ አቀበት ስትወጣ ያገኘሁበት ቀን አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

በእውነት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ከታዘዙ ደግሞ ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ ይህን ማድረግ ይቻላል፦ በጎን ተኝቶ ቁርጭምጭሚትን ቀስ አድርጎ ማዞር፣ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብና መልሶ መልቀቅ፣ ትከሻን ማላላት፣ ከታች በምገልጸው መንገድ ቀስ ብሎ መተንፈስ። ለአልጋ እናት ዮጋ ይህ ነው፤ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት።

የደም ግፊት አለብኝ፤ ዮጋ መድኃኒቴን ይተካልኛል?

አይተካም። ሜቲልዶፓ ወይም ሌላ መድኃኒት ታዝዞልዎ ከሆነ፣ ስለተረጋጉ ወይም ልኬቱ አንድ ቀን ስለ ወረደ ብቻ በራስዎ ማቆም እርስዎንም ጽንሱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ቀድሞ የነበረ ግፊት በመድኃኒት በሚገባ ከተገታ ረጋ ያለ እንቅስቃሴ ሊፈቀድ ይችላል። ራስን ከልብ በታች የሚያወርድ አቋም፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ መቆም፣ ትንፋሽን ይዞ ማማጥ የመሰለ መወጠር ግን መቅረት አለባቸው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ልኬቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያይዎ ምንም እንቅስቃሴ አይጀምሩ።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝን አንድ ነገር ልናገር። ትንፋሽ ያረጋጋል የሚለውን የሰማች እናት ከባድ ራስ ምታት ሲይዛት ወይም ዓይኗ ሲደበዝዝ «ቁጭ ብዬ ልተንፍስና ይለቀኛል» ብላ ሰዓታት ልታሳልፍ ትችላለች። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጡት በታች በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት የፕሪኤክላምፕሲያ ምልክቶች ናቸው፤ በዮጋ የሚታለፉ አይደሉም፣ ወዲያው ወደ ሕክምና የሚያስሮጡ ናቸው።

በእርግዝና ስኳር ለመጣብኝስ?

ሌላ ክልከላ ከሌለብዎ ለእርስዎ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይጠቀማልና። ከምግብ በኋላ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ከየትኛውም የዮጋ አቋም ይልቅ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ ዮጋውን በዚያ ላይ ጨምሩበት እንጂ በዚያ ፈንታ አታድርጉት። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል ባዶ ሆድ አይሥሩ፤ የሚያንቀጠቅጥና የሚያልብ ነገር ከተሰማዎ የሚቀምሱት ጣፋጭ ነገር አጠገብዎ ይኑር።

ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ።

በእርግዝና ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ11 ግራም ሲወርድ ደም ማነስ ይባላል፤ ከ7 በታች ሲሆን ከባድ ነው፣ ከባድ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው ይቆያል። ቀለል ያለ ከሆነ የአይረን እንክብሉን በአግባቡ እየወሰዱ ቁጭ ብለው የሚሠሩትን መሥራት ይቻላል፤ ከተቀመጡበት ወይም ከተኙበት ሲነሡ ግን ቀስ ይበሉ።

ሾተላይ አለብኝ፤ ሁለት ጽንስ ጨንግፎብኛል። ብንቀሳቀስ ይኼኛውም አይወርድብኝም?

በመጀመሪያ «ሾተላይ» የሚለው ስም በአካባቢያችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንዱ የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣው አለመጣጣም ነው፤ ሌላው ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ተደጋግሞ የሚደርስ የጽንስ መጥፋት ነው። ለመጀመሪያው መከላከያ አለው፤ አንቲ ዲ የተባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላም ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። የደም ዓይነትዎን ካላወቁ ስለ ዮጋ ከመጠየቅዎ በፊት ያስመርምሩ። አለመጣጣሙ በራሱ በእንቅስቃሴ አይባባስም፤ ነገር ግን ወድቆ ሆድን መመታትም ሆነ ደም መታየት በዚህ ጊዜ የበለጠ ያሳስባል፤ ስለዚህ ሚዛን የሚያስቱ አቋሞች ይቅሩ፣ አንድ ጠብታ ደም ቢታይም ለሐኪም ይነገር።

ለሁለተኛው፣ ማለትም ለተደጋጋሚ ውርጃ፣ ከሚከታተልዎ ሐኪም ፈቃድ ሳያገኙ አይጀምሩ። በዚያ ላይ ግን ብዙ እናቶች ለዓመታት ተሸክመውት የሚኖሩትን ሸክም ላቃልል እወዳለሁ፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚደርሱት ውርጃዎች ትልቁ ድርሻ የጽንሱ ክሮሞሶም (የዘር ውርስን የሚሸከመው ክፍል) ከጅምሩ በትክክል ባለመፈጠሩ የሚመጣ ነው። ያን ቀን ልብስ ስላጠቡ፣ ደረጃ ስለ ወጡ ወይም ስላጎነበሱ አይደለም።

መንታ አርግዣለሁ። እስከ መቼ?

ሌላ ችግር ከሌለ እስከ 28ኛው ሳምንት ቀለል አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ በሐኪም ፈቃድ ብቻ። ማኅፀኑ ቶሎ ስለሚገፋ፣ በጀርባ ጠፍጣፋ አለመተኛትንም ከሌሎች ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ከተፈቀደልኝ የትኞቹን ልተው፣ የትኞቹን ልሥራ?

ከሚተዉት ልጀምር። ከ20ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ በጀርባ ጠፍጣፋ መተኛት ይቅር፤ የከበደው ማኅፀን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን እናቲቱን ያጥወለውላታል፣ ለጽንሱ የሚደርሰውንም ደም ይቀንሳል። ሆድን መሬት ላይ አድርጎ መተኛት፣ በራስ ወይም በትከሻ መቆም፣ ወገብን አጥብቆ መጠምዘዝ፣ ወደ ኋላ በኃይል መለጠጥ፣ መዝለል፣ ያለ ድጋፍ በአንድ እግር መቆም ይቅሩ። በጣም በሞቀ ክፍል የሚሠራው ዮጋ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር አይሆንም። የማኅፀን በር ወይም የእንግዴ ልጅ ጉዳይ ከተነሣ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ መቆየትም ይቅር።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን ጅማቶችን ስለሚያላላ እናቲቱ ከወትሮው ይልቅ የምትለጠጥ መስሎ ይሰማታል፤ «ለካ ይህን ያህል እችላለሁ» ብላ ስትገፋ ዳሌዋንና ወገቧን ትጎዳለች። ከሚችሉት ግማሽ ላይ ቁሙ እላለሁ።

የሚሠሩትን በተመለከተ፣ እንደ እኔ አስተያየት ከሐኪም ፈቃድ ላገኙ እናቶች አራቱ ይበቃሉ። መጀመሪያ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ፣ ትንፋሽ ሲወጣ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥና ትንፋሽ ሲገባ ቀጥ ወዳለበት መመለስ፤ ወገብ ወደ ታች እንዲንጋደል ግን አይተዉት። ሁለተኛ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ የእግርን መዳፍና መዳፍ ገጥሞ፣ ጉልበትን ሳይጫኑ ወደ ጎን መልቀቅ። ሦስተኛ ጉልበትን ሰፋ አድርጎ ተንበርክኮ፣ ደረትንና ግንባርን ከፊት በተቆለለ ትራስ ላይ ማሳረፍ፤ ሆድ በጉልበቶች መካከል ነፃ ይሁን፣ ራስም ከልብ በታች አይውረድ። አራተኛና የሁሉ መደምደሚያ በግራ ጎን ተኝቶ፣ በጉልበቶች መካከል ትራስ አድርጎ ማረፍ ነው።

ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም። በቤታችን ያለው የዐረብ መጅሊስ ጠንካራ ትራስ፣ የታጠፈ ጋቢ፣ የማይንሸራተት ስጋጃ በቂ ናቸው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ የሚመክረው ክልከላ ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮች ስለሆነ፣ ያን ቁጥር ለመሙላት አይጨነቁ።

የትንፋሹ ልምምድ እንዴት ነው?

ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡ ወይም በጎን ይተኙ። በአፍንጫ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ስድስቱ ከከበደ አምስት ይሁን። በመካከሉ ትንፋሽን አይያዙ። አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ራስዎን ካዞረዎ ወደ ተለመደው አተነፋፈስ ይመለሱ። በቪዲዮ ላይ ካፓላባቲ ወይም ባስትሪካ የሚባል፣ ሆድን እየመታ ቶሎ ቶሎ የሚያስተነፍስ ካዩ፣ እንዲሁም ኩምባካ የሚባለውን ትንፋሽ ይዞ መቆየት ካዩ ይዝለሉት።

ብዙ አስተማሪዎች ዓይን ይጨፈን ይላሉ፤ አስገዳጅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በከተሞቻችን ሲያልፍ እዚህ ከነበሩት ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ሲሉ የዚያን ጊዜ ድምፅ የሚመጣባቸው እናቶች አሉ። እንዲህ ከሆነ ዓይንዎን ገልጠው መስኮት ወይም ግድግዳ ላይ አንድ ነገር እያዩ ይተንፍሱ፤ ሰው አጠገብዎ ይኑር፤ ጭንቀቱ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነም በክትትል ቀን ለአዋላጇ ይናገሩ።

የደሴ አቀበትና ብርድ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው አየሩን ለምዶታል፤ ከኮምቦልቻ ወይም ከባቲ በኩል ለክትትል ወይም ለመውለድ ወደ ዘመድ ቤት የወጣች እናት ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ይደክማታል። ለጥቂት ቀናት ትንፋሹን ብቻ ትሥራ። ለሁሉም የሚሠራ መለኪያ አለ፦ እየሠሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ አብዝተዋል ማለት ነው። ከፒያሳ ወደ ቤትዎ የሚወስደው አቀበት በራሱ ሥራ መሆኑንም አይርሱ፤ ገበያ ወጥተው በተመለሱበት ቀን ዮጋ አይጨምሩ።

በደሴ ብርድ ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ በዚያ ክፍል መሥራት ትልቅ አደጋ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የእናቲቱን ደም አልፎ የጽንሱን ኦክስጅን ይሻማል። ቡና ተፈልቶ ከሰሉ ወጥቶ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ይሥሩ፤ ብርዱን ጋቢ ይመክተዋል። ኮምቦልቻ ላሉት ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር፣ ውሃ አጠገብ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ዮጋ የሌላ እምነት አምልኮ አይደለም ወይ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ናቸው፤ ጥያቄውንም አከብረዋለሁ። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖቶች ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው፤ ያንን መደበቅ ትክክል አይመስለኝም። በሌላ በኩል ጀርባን ማጉበጥ፣ በጎን ተኝቶ ማረፍና ቀስ ብሎ መተንፈስ የየትኛውም እምነት ብቸኛ ንብረት አይደሉም። «ኦም» የሚለውን ዜማና የእጅ ምልክቱን ትቶ የሰውነቱን ክፍል ብቻ መውሰድ ይቻላል። ልብዎ ካልፈቀደ ደግሞ ስሙንም ይተዉት፤ «የእርግዝና ማፍታቻ» ይበሉት። አእምሮን የሚሰበስበውን ክፍል በራስዎ ጸሎት ወይም ዚክር ቢተኩት ትንፋሹ አይቃወምም። ዱበርቲ የሚባሉት የወሎ ሴቶች ዱዓም ሆነ «ማርያም ትቅረብሽ» የሚለው የእናቶች ምርቃት ለወሎ ነፍሰ ጡር ከማንኛውም ቪዲዮ በፊት የነበረ መጽናኛ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ማንም የማይጠይቀኝ ግን ሊጠየቅ የሚገባ ነገር አለ። ለዮጋ የተከለከለ እንቅስቃሴ ለስግደትም ያው እንቅስቃሴ ነው። ደም የታያት ወይም የማኅፀን በሯ የላላ እናት በሰሙነ ሕማማት ወድቃ እየተነሣች ብትሰግድ ሰውነቷ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። ሶላት የምትሰግድ እናትም መጎንበስና ሱጁድ ከከበዳት ወይም ሐኪም ከከለከላት ተቀምጣ መስገድ በእምነቷ የተፈቀደላት ነው።

በጾም ወቅትስ?

በረመዳን ለራሷ ወይም ለጽንሱ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ትችላለች፤ ስጋቱ በሐኪም የተነገራት እናት ይህን በቁም ነገር ትውሰደው። ዐቢይ ጾም የምትጾም እናትም እንዲሁ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ጾመው ከሆነ ግን ቀን ላይ የሰውነት እንቅስቃሴ አይሥሩ።

በእርግጥ ይጠቅማል የሚል ጥናት አለ?

አለ፤ ነገር ግን መጠኑን ማወቅ ይገባል። በሕንድ ቤንጋሉሩ ከተማ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ20 በታች ወይም ከ35 በላይ የሆነ፣ መንታ ያረገዙ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ ወይም ባለፈው እርግዝናቸው ችግር የደረሰባቸውን 68 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ከመደበኛው ክትትል በተጨማሪ ከ13ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ለአንድ ሰዓት ዮጋ ሠራ። በእነዚህ ላይ የእርግዝና ደም ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ የእርግዝና ስኳርና የጽንስ ዕድገት መጓተት ከሌላው ቡድን አንሰው ታይተዋል። ውጤቱ ደስ ያሰኛል፤ 68 ሴቶች ግን ጥቂት ናቸው፣ የተመሩትም በሠለጠኑ ሰዎች እንጂ በስልክ ቪዲዮ አልነበረም። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 25 ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት 26 የዮጋ አቋሞችን ሲሠሩ የጽንሱን የልብ ምት ተከታትሎ ጉዳት አላየም። ይህን ጥናት ብዙ ቪዲዮዎች ይጠቅሱታል፤ የተሳተፉት ግን ጤናማ እርግዝና የነበራቸው ብቻ ስለነበሩ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም።

በአቅራቢያዬ አስተማሪ የለም፤ ከቪዲዮ ብማርስ?

መጀመሪያ ቪዲዮውን ሳይሠሩ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ይዩት። ከላይ ይቅሩ ካልኋቸው አንዱ ካለበት ሌላ ይፈልጉ። ቀጥሎ በክትትል ቀን ለአዋላጇ ወይም ለሐኪሙ ያሳዩ፤ «ዮጋ ልሥራ?» ብሎ በቃል መጠየቅና «ይህችን፣ ይህችንና ይህችን ልሥራ?» ብሎ አሳይቶ መጠየቅ የሚያስገኙት መልስ አንድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቢያንስ 8 የክትትል ቀጠሮ ነው፤ ስጋት ላለባት እናት ከዚያም ይበዛል፣ ስለዚህ ለመጠየቅ ቀን አያጡም።

መቼ ላቁም?

ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆድ እየጠነከረ እየለቀቀ በየተወሰነ ጊዜ ከመጣ፣ ራስ ከዞረ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዘ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ደረት ካመመ፣ ገና ሳይጀምሩ ትንፋሽ ካጠረ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ባቱ ካመመ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከወትሮው ከቀነሰ ወዲያው ያቁሙ። እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ።

ኮምቦልቻ ያሉ እናቶች፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላኩ እንደሚችሉ አስቀድመው ያስቡ። መንገዱ ጠመዝማዛ አቀበት ነው፤ ሌሊትና በክረምት ጭጋግ ደግሞ ይዘገያል። የአምቡላንሱን ስልክና የአንድ የሚያምኑት ባለመኪና ስልክ ዛሬውኑ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ቤታቸው ከከተማ የራቀ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ የእናቶች ማቆያ ገብተው መቆየት ይችሉ እንደሆነ ጤና ጣቢያቸውን ይጠይቁ።

ባለቤቴ ናት ነፍሰ ጡሯ። እኔ ምን ላድርግ?

ከብዙ ባሎች በፊት ጠይቀዋልና ደስ ብሎኛል። በክትትል ቀን አብረዋት ይግቡና የስጋቱን ስም እርስዎም ይያዙት። ቤት ውስጥ ስትሠራ ከተንበረከከችበት ስትነሣ እጅዎን ይስጧት፤ ትራሱን ከጉልበቷ መካከል ያስተካክሉላት፤ ከሰሉን ያውጡላት። ትንፋሿን አብረው ይቁጠሩላት፦ አራት ሲገባ፣ ስድስት ሲወጣ። ምጥ ሲመጣ ይህንኑ ቁጥር ከእርስዎ አፍ የሰማችው ሆኖ ይጠብቃት። ጀሪካኑንም ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ይያዙት።